ሦስት ክንፍ ወይስ ሁለት

በየካቲት ዝናብ፣ በሙሮስ ወደብ ዳር፣
ጀልባችን ከባሕር ወጥታ ቆማ በምድር፣
ብራይስ መካኒኩ ጎንበስ አለ ከሥር።
የሾርባ ማንኪያዬን ተቀበለኝና
ፕሮፔለሩን መታው፣ ጆሮ አስጠጋና።
«ደህና ነሐስ ቢሆን እንደ ደወል ይጮኻል፤
ይኸ ግን፣ ኡሺያ፣ እንደ ስንጥቅ ገንቦ ዷ ብሎ ይቀራል።
ዚንኩን ጨው በልቶት መዳቡ ብቻ ቀርቷል፤
ቀለሙን ተመልከች፣ እንደ ድድ ቀልቷል።»
ክንፉን በጣቱ ጫፍ ሲጫነው ተሸረፈ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጥፍር አለፈ።

የሥራ ገበታው ላይ ሦስት ደረደረ፣
ባለሁለቱን ክንፍ አንሥቶ ጀመረ፦
«ይኸ ርካሹ ነው፣ ለድሮው ወንድም ነው፣
ነፋስ ፊት ሲመጣ ትንፋሹ አጭር ነው።
ይኸኛው ባለሦስት፤ ስፋቱ አሥራ ስድስት፣ እርምጃው አሥራ አንድ፣
ሞገድ ቢደረደር አያውቅም መንገዳገድ።
ይኸ ደግሞ ታጣፊው፦
ሸራ ሲወጠር ክንፉን ይሰበስባል፣
እንዳንቀላፋ ወፍ ውኃውን ይረሳል።
ዋጋው ግን፣ ኡሺያ፣ ቁጭ ብለሽ ይነገርሻል።»

አማሮ ባሌ ነው። አማሮ ፈሪ አይደለም፣
ግን አንዲት ሌሊትን እስካሁን አልረሳም።
ወደብ ስንገባ፣ ነፋስ ከኋላችን፣
ማርሹን ወደ ኋላ ቢጥለው፣ ቢጥለው፣
ጀልባዋ እምቢ ብላ
የሲንዶን መርከብ ጎን ሄዳ ቦረቦረችው።
ሽማግሌው ሲንዶ በፒጃማ ወጥቶ
የተላጠውን አየ፤ ምንም ሳይል ተኛ ተመልሶ ገብቶ።
ቢሰድበው ኖሮ አማሮ ይረሳ ነበር፤
ዝምታው ነው ያልወጣው፣ እንደ ተሰበረ እሾህ፣ ከባሌ እግር።
«ባለሦስቱ ይሁን» አለ፣ «ፍሬን ያለው ነገር።»

እኔ ግን የሸራ ሰው ነኝ።
ነፋስ በጎን መጥቶ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ሁሉ ጸጥ ሲል
ያ ሦስት ክንፍ ከሥር
ቀሚሴን ጨብጦ «የት ልትሄጂ?» እንደሚል ልጅ ይሆንብኛል።
«ግማሽ ኖት በሰዓት ይሰርቀናል» አልኩት።
«ግማሽ ኖት ምንድን ነው?»
«እስከ አዞረስ ድረስ ብትቆጥረው
አንድ ሌሊትና አንድ ጠዋት ነው።»
«አንድ ሌሊት ካንቺ ጋር ባሕር ላይ ቢጨመር ማን ተጎዳ?» አለኝ።
ብራይስ ዘይት ፍለጋ ዞረ፤
እኔም ለዚያ መልስ አልነበረኝ።

ሦስት ቀን ተከራከርን፤ ሾርባው እየቀዘቀዘ፣
እሱ በፓስታ ካርቶን ጀርባ ቁጥር እየያዘ፣
እኔ አንዱን እየደመርኩ፣ እሱ አንዱን እየሰረዘ።
በአራተኛው ማታ እንጉርጉሪቴ የሚያህል የባሕር ዛጎል ቀቅለን ነበር፤
አንዱን ባዶ ቅርፊት አነሣሁ ከሳሕኑ ዳር፣
ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። «ታጣፊው ይኸ ነው፦
ሞተር ሲያዞረው ይከፈታል፣
ውኃ ሲገፋው ይዘጋል።»
«የኋላ ማርሽስ?»
ውሸት አልወድም። «ትንሽ ይሰንፋል።»
ቅርፊቱን ተቀበለኝ። ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣
ሽቦ እንደሚፈትሽ ሰው ማጠፊያውን ዳበሰ፣ አሸተተ።
«ሲንዶኮ ሞቷል» አለ ቆይቶ፣ «በመስከረም።
አሁን ብጋጭ እንኳ፣ እንደዚያ የሚያየኝ የለም።»
እንዲህ መረጥን። የሞቀ ክርክር አልነበረም።

ሚያዝያ ሲገባ በዛጎል እርሻዎቹ መካከል
ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ አርባ ጊዜ ተለማመደ፤
ክንፎቹ «ቃ» ብለው በተከፈቱ ቁጥር
ጥርሱን ነክሶ ቆየ፣ ኋላ ግን ለመደ።

ፊስቴራን አልፈን፣ በሌሊት፣ በሸራ ብቻ ስንነጉድ፣
የድሮው ቢሆን ኖሮ በከንቱ እየዞረ
ከአልጋችን ሥር እንደ ሰነፍ ንብ ያንጎራጉር ነበር፤
ሃያ ሁለት ዓመት በሱ ነው የተኛን።
አሁን ምንም የለም። ውኃ ብቻ በጎን።
አማሮ ባነነና ራሱን አወጣ በጠባቧ በር፦
«ቆምን እንዴ?» አለኝ።
«ስድስት ተኩል ነን» አልኩት።
ሰዓቱን አየ፤ ተራው ገና ነበር።
ተመልሶ አልተኛም። የሱፍ ኮፍያውን አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ፣
ያተረፍነውን ግማሽ ኖት ዝም ብሎ አዳመጠ።